ወንዙ ለብ ያለ ዕለት

አለቃዬ ጠርሙስን ሦስት ጊዜ ሳታለቀልቅ ናሙና አትቀዳም ነበር። ማለቅለቂያውም ሌላ ውሃ ሳይሆን ያው ሊቀዳ የታሰበው ውሃ ነው፤ ትጨልፋለች፣ ታንቀጠቅጣለች፣ ትደፋለች። ዝናብ ቢወርድ፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ቢያጣድፈን ግድ አልነበራትም። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ደሜን ያፈላው ነበር። ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ፣ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩና አንድ ቀን «እትዬ፣ ወንዙ እንደሆነ ራሱን ሲያጥብ ነው የሚውለው፤ እኛን ምን አደከመን?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ወንዙን አላማሁትም፤ ጠርሙሱን ግን ያጠብሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሾፌሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀብኝ።

ያኔ አንቱ እላት ነበር። ዛሬ እኔ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ፤ ሳስታውሳት የምትታየኝ እንደ ታናሽ እህት ነውና «እሷ» እያልኩ ብጽፍ ድፍረት አይሁንብኝ። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው አዋሳ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊሞች ነበሩ። አባቷ ሞተው ሱቁ ከተዳከመ በኋላ እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነበር። እናቷ ግን ሥራዋ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም፤ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው ጭቃ ልታቦካ ነው?» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። እሷ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሱሪ ላይ ጉርድ ደርባ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ረግረጉ ውስጥ ስትገባ ያየ ሰው ደግሞ በእናቷ ማማረር አይፈርድም። እኔ የጴንጤ ልጅ ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየቤቱ እንሰበሰብ ነበርና ሁለታችንም ጸሎታችንን ድምፅ ቀንሰን የምናደርስበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላወራንም። መስክ ላይ እሷ ለሶላት ዞር ስትል እኔ ጠርሙሶቹን እጠብቃለሁ፤ እኔ ምሳ ላይ ዓይኔን ስጨፍን እሷ እስክገልጥ ድረስ እንጀራ አትቆርስም።

መሥሪያ ቤታችን የአፈርና የውሃ ምርመራ የሚሠራበት ሲሆን የያዝነው ሥራ ካርታ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን ወንዞችና ጅረቶች ከምንጫቸው ጀምረን እየተከተልን የትኛው ውሃ ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ፣ የትኛው እንደሚጎዳው በቀለም እንለያለን። የሚስማማው አረንጓዴ፣ የሚያጠራጥረው ቢጫ ነው። የሚጎዳውን ቀይ ልንቀባ ስንል የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው ብሎ ስላኮረፈ ቡኒ ሆነ። አለቃዬ አልተከራከረችም። «ቀለሙን ይውሰደው፤ መስመሩን እስካልነካ» አለች።

እኔ እስከዚያን ጊዜ ውሃ ሁሉ ውሃ ይመስለኝ ነበር። ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ከብት የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ እርሻ ያበላሻል ቢሉኝ አላምንም። ሶዲየም የበዛበት ውሃ አፈሩን ውስጥ ውስጡን እንደሚበታትነው ያስተማረችኝ እሷ ናት። የተበታተነው ደቃቅ አፈር ሄዶ የራሱን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ውሃ ብታፈስበት አይሰርግም፤ ዝናብም ቢዘንብ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ሲደርቅ ደግሞ በሬ የማይሰነጥቀው ንጣፍ ይሆናል። «ክፋቱ መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ማማሩ ነው» ትል ነበር። «ገበሬው አንድ ሁለት ጊዜ ጥሩ ያመርታል፤ ይመርቅሻል። ሲረግምሽ አትሰሚውም፤ አንቺ ሌላ ካርታ ላይ ነሽ።» ይህን ስትናገር ፊቷ ይጠቁራል። ሥራዋን እንዲህ የምትፈራ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር፤ የወደድኳትም ያኔ ይመስለኛል።

አንድ ችግር ግን ነበረብን። በጋ በመጣ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ሁሉ ለዘመቻ ይወሰዳሉ። መኪና የምናገኘው ክረምት ሲገባ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ማንም አይፈልጋቸውማ። ስለዚህ ናሙናችንን የምንሰበስበው በዝናብ፣ እየተዘፈቅን፣ ላንድሮቨሩን እየገፋን ነበር። ካርታው ደግሞ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል መድረስ አለበት ተባለ። ደረሰም።

በዚያ ካርታ ላይ ከምሥራቁ ኮረብታ የሚወርድ አንድ ወንዝ ነበር። ዳገቱን ጨርሶ ሜዳውን ከመርገጡ በፊት፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንቆረቆረ አንድ ፍል ውሃ ይቀላቀለዋል። በክረምት ስናየው ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ እያገሳ ይወርዳል፤ ፍል ውሃው ከጎኑ የሕፃን ሽንት ያህል ነበር። ከተቀላቀሉ በኋላ ወንዙን ለካነው፤ ጥሩ ነው። ታችኛው ሜዳ አረንጓዴ ተቀባ።

ሜዳው ላይ የሚያርሱት ሲዳሞች ነበሩ። የገበሬ ማህበራቸው ሊቀ መንበር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸውን በልክ ነው የሚያወጡት። ናሙና ስንቀዳ ከዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና አለቃዬን «ልጄ፣ ውሃው ጥሩ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ጥሩ ነው አባባ» አለቻቸው።

በሲዳምኛ መረቋት። በዚያች አንዲት ቃል ተማምነው ነው ማህበርተኛውን ቦይ ለመቆፈር ያሳመኑት። ብዙው ሰው አልፈለገም ነበር፤ ምክንያቱም ቦዩ የሚያልፈው በጓሯቸው ነው፣ ጓሮ ማለት ደግሞ እንሰት ነው። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ለአንድ ቦይ ብሎ አይነቅለውም። ሽማግሌው ግን ቀድመው የራሳቸውን ነቀሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው እምቢ የሚልበት አፍ አጣ።

ቦዩ የሚጀመርበት ዕለት በጥር ወር ነበር። ከአዋሳ ባለሥልጣናት መጡ፤ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ተወጠረ፤ ንግግር ተደረገ፤ ለስላሳ መጠጥ ታደለ። እኛም ካርታውን የሠራን ባለሙያዎች ተብለን ከፊት ተቀመጥን። እኔ የለስላሳ ጠርሙሴን ይዤ፣ ፀሐይ እየመታችኝ፣ ከንግግሩ መርዘም የተነሳ እንቅልፌን እየታገልኩ ነበር። አለቃዬን ዞር ብዬ ሳያት ወንበሯ ባዶ ነው። ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብላ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራለች።

በዓይኗ ጠራችኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ሰው እየረገጥኩ ሄድኩ።

«እጅሽን ክተቺ» አለችኝ።

ከተትኩ። ወንዙ ለብ ይላል። በክረምት አጥንት ሰብሮ የሚገባ ቅዝቃዜ የነበረው ውሃ ጠብቦ፣ ቀጥኖ፣ ጥርት ብሎ ለብ ይላል። ለጊዜው «ፀሐዩ ነው» ልላት አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ሙያው ያላት እሷ፣ ቀለሙን የቀባችው እሷ፣ ያ ለብታ ምን እንደሚል ብቻዋን ሰማችው።

«ጠርሙስ ይዘሻል?»

ማን ለበዓል ጠርሙስ ይዞ ይመጣል? የያዝኩት ለስላሳዬን ነው፤ ግማሹን እንኳ አልጠጣሁትም። ከእጄ ነጥቃ ደፋችው። እነዚያ ሁሉ ባለሥልጣናት እያዩ፣ ካድሬው አንገቱን እያሰገገ፣ የለስላሳውን ጠርሙስ በወንዙ ውሃ አንዴ አለቀለቀችው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ያን ዕለት ብቻ ነው ማለቅለቋ ያላናደደኝ። አፉን በመሀረቧ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተመልሳ ተቀመጠች። በስተኋላችን ጭብጨባ ነበር።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብተን ለካን። ሶዲየም የምንለካበት መሣሪያ መርፌ ተነስቶ፣ በክረምቱ የቆመበትን አልፎ ሄደ። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። እኔን ገለል አድርጋ ራሷ ሠራችው። ያው ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«በክረምት ማን መስኖ ያጠጣል?» አለች።

ገበሬው ውሃውን የሚፈልገው ዝናቡ ሲጠፋ ነው፤ ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ ወንዙ ሰልሎ የሚቀረው ሶዲየሙን ከምድር ውስጥ ይዞ የሚወጣው ፍል ውሃው ነው። እኛ የለካነው ማንም የማያጠጣውን ውሃ ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል፤ መኪና በክረምት ስለሚገኝ ብቻ አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ወንዙን በክረምቱ ዓይን አየው።

የመምሪያ ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ውጤቱን ስታሳያቸው በሩን ዘጉት። እኔም ወረቀቱን ይዤ ከጎኗ ስለቆምኩ አብሬ ተዘጋብኝ።

«ካርታው ለበዓሉ ቀርቧል፤ ተጨብጭቦለታል» አሉ። «አሁን አይሆንም ብትዪ አሻጥር ነው የሚሉት። እናትሽን አስቢ።»

«ጭብጨባ አፈር ውስጥ አይሰርግም፣ ጌታዬ» አለቻቸው። ይህን ያለችው በድፍረት እንዳይመስላችሁ። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝና «ፈርቻለሁ» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም።

ቢሆንም ሥራዋን ቀጠለች። መኪና ስለሌለ በአውቶቡስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግራችን ሄደን ከሽማግሌው ማሳ አፈር አመጣን። ሁለት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወስዳ ቂጣቸውን በምስማር በሳሳች፤ ያንኑ አፈር እኩል ሞላችባቸው። አንዱን ከፍል ውሃው በላይ በተቀዳ ውሃ፣ ሌላውን ከፍል ውሃው በታች በተቀዳው እያጠጣች፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እያስመታች፣ ደግማ እያጠጣች ሰነበተች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላው ሠራተኛ ሐይቅ ዳር ወርዶ ዓሣ ሲበላ፣ እሷ ቆርቆሮ ታጠጣለች። የጽዳት ሠራተኛዋ አበባ ዘርታ የማይበቅልላት መስሏት ታዝንላት ነበር። በዚህ መሀል ቦዩ እየተቆፈረ ነው፤ በየሳምንቱ ወደ ሜዳው እየቀረበ ነው። ውሃው ከመለቀቁ በፊት ካልደረሰች መድረሷ ዋጋ የለውም።

ስብሰባው የተጠራው የቦዩን አፈጻጸም ለመገምገም ነበር። ከላይ የመጡት ባለሥልጣን መሀል ተቀምጠዋል፤ የገበሬ ማህበሩ ሰዎች ሽማግሌውን አስቀድመው ከግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ተራዋ ሲደርስ ሁለቱን ቆርቆሮዎች ይዛ ተነሳች፤ እኔ የቧንቧ ውሃ የሞላ ጆግ ይዤ ተከተልኳት።

«ጓዶች» አለች፣ «ካርታው ስህተት አለበት። የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንዙን በክረምት ለካሁት፤ ፍል ውሃው ትንሽ ነው ብዬ ናቅሁት። በበጋ ወንዙ እሱ ነው።»

ኃላፊያችን ጫማቸውን ያያሉ። ስህተት በሌላ ሰው፣ በመሣሪያው፣ በሾፌሩ፣ በዝናቡ ይላከክ በነበረበት ዘመን አንዲት ሴት ተነስታ «እኔ ነኝ» ስትል ሰዉ የሚያደርገው ጠፋው። እኔ ኮራሁባት። ፍርሃቴ ሁሉ ሳይለቀኝ ኮራሁባት።

«ሰፊው ሕዝብ እየቆፈረ ሳለ ውሃው አይሆንም ማለት አሻጥር መሆኑን ታውቂያለሽ?» አሉ ባለሥልጣኑ።

«አውቃለሁ፤ ለዚህም የምቀጣ ከሆነ እቀጣለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ይዩልኝ።»

ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ሳህን ውስጥ አስቀመጠች። እኔ ከአንዱ ጆግ፣ እኩል እኩል፣ በሁለቱም ላይ አፈሰስኩ። ከላይኛው ውሃ ይጠጣ የነበረው ቆርቆሮ ውሃውን ሳብ አደረገውና በቂጡ ያንጠባጥብ ጀመር። ሁለተኛው ላይ ውሃው ደፈረሰ፤ ቆመ። ጠበቅን። ሰው ወንበሩን እያንቋቋ ጠበቀ። ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌው ከጥጋቸው ተነስተው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። «ይሄ አፈር የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የእርስዎ ነው አባባ፤ ከግራር ዛፉ በታች ካለው ማሳ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ጣታቸውን በቆመው ውሃ ውስጥ አስገቡ፤ አፈሩን ነካ ነካ አደረጉ፤ ጣታቸውን አውጥተው አዩት። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው በሲዳምኛ አጭር ነገር ተናገሩ። እኔ የለየሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሀላሌ»፣ እውነት ማለት ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ወደ ባለሥልጣኑ ዞሩና በአማርኛ «ቁፋሮው ይቁም» አሉ።

«እንሰትህን ነቅለህ የለም እንዴ? አሁን ምን ነካህ?» አሉ ባለሥልጣኑ። ያንን ሽማግሌ አንተ ሲሏቸው አዳራሹ ውስጥ ያለነው የአዋሳ ሰዎች ሁላችን አቀረቀርን።

«እንሰቴን ነቀልኩ» አሉ ሽማግሌው ሳይቸኩሉ። «መሬቴን አልነቅልም።»

ቁፋሮው ቆመ። አለቃዬም አልታሰረችም፤ ሕዝቡ ራሱ ይቁም ካለ በኋላ አሻጥር ማለቱ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ኃላፊነቷን ግን ወሰዱባት። የካርታ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሷ በሌላ ሰው መስመር ላይ ቀለም እንድትቀባ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጣት። የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን ሜዳ ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ መቀየር ነበር። ቀባችው፤ ጠርዙን ስትደርስ እጇን አቁማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜው አሳምራ ቀባችው።

ቦዩ ደግሞ ከፍል ውሃው በላይ እንዲጀመር ተወሰነ። እሷው ናት ሐሳቡን ያቀረበችው፤ ሌላ ሰው ፈረመበት። እዚያ ላይ ውሃው ንጹህ ነው፤ በበጋ ግን ጥቂት ነው፤ ከዳገቱ ሥር ያሉትን ማሳዎች እንጂ ሜዳውን አያዳርስም። ሽማግሌው የሚያርሱት ሜዳው ላይ ነው። ለሁሉም ብለው ጓሯቸውን የነቀሉት ሰውዬ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ።

መሥሪያ ቤቱ ይህን በደብዳቤ ሊያሳውቃቸው ነበር። አለቃዬ «ውሃው ጥሩ ነው ያልኳቸው በአፌ ነው» ብላ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ተከትያት ሄድኩ። ከመገንጠያው በእግር ስንሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትላቸው በልቧ እያጠናች መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ሽማግሌው ያንን ባዶ የቀረ ጓሯቸውን እየኮተኮቱ አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ውሃው እኔ ጋ አይደርስም» አሉ።

«አይደርስም አባባ።»

«ከዳገቱ ሥር ላለው ታናሽ ወንድሜስ ይደርሳል?»

«ለእሳቸው ይደርሳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀና ብለው ወደ ዳገቱ፣ ከዚያ ወደ ማሳቸው አዩ። እኔ ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢቆጡም ባልፈረድኩባቸው። አለቃዬ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ለሚመጣው በጋ ውሃውን ልታዪ ትመጫለሽ?» አሏት።

«ሥራው ከእኔ ተወስዷል አባባ። ሌላ ሰው ይልካሉ።»

«ሥራውን አይደለም የጠየቅሁሽ» አሉ። «ብዙ ሰው መጥቶ ጥሩ ነው ብሎናል። ተመልሶ መጥቶ ጥሩ አይደለም ያለን አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ነው የምጠይቀው።»

በኃላፊያችን ፊት፣ በባለሥልጣኑ ፊት፣ ቡኒውን በምትቀባበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት እንባ ያላየሁባት ሴት የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሽማግሌው ዶማቸውን ተደግፈው እስክትጨርስ ጠበቋት።

«እመጣለሁ አባባ» አለች። መጣችም።